ጭቃ ሹም ነበሩ፣ አዎ

ባለፈው ዓመት ስለ ባለቤቴ ቅድመ አያት አንድ አጭር ማስታወሻ ጽፌ ነበር። ባለቤቴ ፊሊፒናዊ ነው፣ ዱባይ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አብረን ስንሰራ ነው የተዋወቅነው፣ ቤተሰቦቹ ፓናይ በምትባል ደሴት፣ ኢሎኢሎ በሚባለው ክፍለ ሀገር ያሉ የሩዝ ገበሬዎች ናቸው። ቅድመ አያቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ የመንደራቸው መሪ ነበሩ፣ ሹመቱ ቴኒየንቴ ዴል ባርዮ ነው የሚባለው፣ ባርዮ ማለት መንደር ነው፣ ሰዉ ግን አሳጥሮ ቴኒየንቴ ይላቸው ነበር። ሰሞኑን አንድ ወንድማችን ለዛ ማስታወሻ ረዘም ያለ መልስ ጽፎ አነበብኩት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነው ይሄን የምጽፈው።

ጽሁፉ ባጭሩ የሚለው እንዲህ ነው፦ ሰውዬው የቅኝ ገዢ ተላላኪ የሆኑ ተራ ጭቃ ሹም ነበሩ፤ በጃፓን ጊዜ፣ ማለትም ጃፓን በጦርነቱ ፊሊፒንን በያዘችበት ጊዜ፣ ለጠላት ሩዝ ሰብስበዋልና ባንዳ ናቸው፤ ታሪኩ ያንዲት አሮጊት ወሬ ነው፣ ማስረጃ የለውም፤ መቃብር ላይ ሻማ አብርቶ መብላት ሙት አምልኮ ነው፤ ደግሞም የሀበሻ ልጆች የባዕድ አያት እየቆጠሩ ማደግ የለባቸውም። ባንዱ ነገር እውነት አለው፣ ቦታው ላይ ስደርስ አልደብቅም። የቀረውን ግን አልቀበለውም።

ጭቃ ሹም የሚለውን ቃል ለማሳነስ ብሎ ነው የተጠቀመበት፣ እኔ ግን እውነቴን ነው ከዚህ የተሻለ የአማርኛ ቃል አላገኘሁላቸውም። ከስፔን ቀጥለው ሀገሩን በገዙት በአሜሪካኖቹ ዘመን የባርዮ ቴኒየንቴ የሚሾመው ከማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ ደሞዝ የሚባል ነገር የለውም። መንገድ በጎርፍ ሲቆረጥ ሰው የሚያስወጣ እሱ ነው፣ ያንዱ ካራባው (የእርሻ ጎሻቸው ነው) የሌላውን ማሳ ሲበላ የሚዳኝ እሱ ነው፣ ቤት ሲነሳ ወይ ሩዝ ሲተከል ዳግያው የሚጠራም እሱ ነው፣ ዳግያው ማለት የኛው ደቦ ነው ልዩነት የለውም። ጥሪው በቡድዮንግ ነበር፣ ትልቅ የባህር ዛጎል ነው፣ ጫፉን በስተው እንደ መለከት ይነፉታል። ያ ዛጎል አሁንም ቤታቸው አለ፣ መደርደሪያ ላይ ከቅድስት ማርያም ምስል ጎን ተቀምጧል፣ አንዱ ከንፈሩ ተሸርፏል፣ ውስጡ ሮዝ ነው፣ ሲይዙት ከሚገመተው በላይ ይከብዳል።

«የቅኝ ገዢ ፈጠራ ነው» የሚለው ደሞ ታሪኩን ይገለብጠዋል። ባራንጋይ (መንደር ወይ ሰፈር ማለት ነው) የሚለው ቃል የመጣው ከጀልባ ስም ነው፣ ይሄን በ1589 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የጻፈው ራሱ ስፔናዊ መነኩሴ ነው፣ ሁዋን ደ ፕላሴንሲያ ይባላል፣ ባንድ ጀልባ የመጣ ዘመድ አዝማድ ባንድ አለቃ ስር ሆኖ ሰፈረ ማለት ነው። ቡቱዋን በምትባል የፊሊፒን ከተማ በ1970ዎቹ ከጭቃ ውስጥ ተቆፍረው የወጡት ጀልባዎችም ስፔን ከመምጣቷ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የተሰሩ ናቸው። ስፔኖቹ ያደረጉት ነገር ቢኖር የነበረውን አለቃ፣ ዳቱ ይሉት የነበረውን፣ ካቤሳ ደ ባራንጋይ ብለው ግብር ሰብሳቢ ማድረግ ነው። ራሱን ከግብርም ከጉልበት ስራም ነጻ አወጡት፣ በምትኩ ግን ሰፈሩ ያልከፈለውን ከኪሱ እንዲሞላ ያስገድዱት ነበር፣ ስንቱ በዚሁ ከብቱንና መሬቱን አጥቷል፣ ስንቱ ታስሯል። እና ሁሉም ተላላኪ ከነበሩ ኤሚሊዮ አጊናልዶን ምን ልንለው ነው? ገና ጎረምሳ ሳለ የቢናካያን ካቤሳ ደ ባራንጋይ ነበር፣ በ1895 የካዊት ከተማ ካፒታን ሙኒሲፓል፣ ማለትም የከተማው አስተዳዳሪ፣ ሆነ፣ በ1896 እዛው ካቪቴ ክፍለ ሀገር ውስጥ ስፔን ላይ ጦር መራ፣ ጁን 12 ቀን 1898 ነጻነት ያወጀው እሱ ነው። የጎረቤቱ የኖቬሌታ አለቃ ማሪያኖ አልቫሬዝም እንደዛው ነው፣ የስፔንን ሹመት ይዞ ነው የአብዮቱ መሪ የሆነው።

ከዚህ ዘመንም ልጥቀስ፣ ምክንያቱም «ትንሽ ሹም ሁሌ ለመንግስት ያጎነብሳል» የሚለው አረፍተ ነገር በጣም ነው የከነከነኝ። ሉዞን በምትባለው የፊሊፒን ደሴት ሰሜን ተራራ ላይ ካሊንጋ የሚባል አካባቢ አለ፣ እዛ ቡግናይ የምትባል መንደር ውስጥ ማክሊኢንግ ዱላግ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። የቡትቡት ጎሳ መሪ ናቸው፣ መንግስት የሚያውቃቸው የባርዮ አለቃ ናቸው፣ ለእንጀራቸው ደሞ መንገድ ጥገና ላይ የቀን ስራ ይሰሩ ነበር። የያኔው ፕሬዝዳንት የማርኮስ መንግስት ቺኮ ወንዝ ላይ አራት ግድብ ሊሰራ አስቦ የአለም ባንክም ከጀርባው ነበር፣ ግድቡ ቢሰራ መንደሩም የሩዝ እርከኑም የአባቶቻቸው መቃብርም ውሀ ሊበላው ነው። አንድ ባለስልጣን ፖስታ ሲሰጧቸው ሳይከፍቱ መለሱት፣ ደብዳቤ ከሆነ ማንበብ አልችልም ገንዘብ ከሆነ የምሸጠው ነገር የለኝም አሉ ይባላል። እርስ በርስ ሲጣሉ የኖሩ ጎሳዎችን በቦዶንግ፣ ማለትም በባህላዊ የሰላም ቃል ኪዳናቸው፣ ባንድ ያስተባበሩ ሰው ናቸው። ኤፕሪል 24 ቀን 1980 ማታ ወታደሮች መጥተው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተኩሰው ገደሏቸው። ግድቦቹ ሳይሰሩ ቀሩ። እኔ ግድብ የምጠላ ሰው አይደለሁም፣ የትኛውም ሀበሻ ለምን እንዲህ እንደምል ይገባዋል፣ የምለው ግን የመንደር አለቃ ሁሉ ያጎነብሳል የሚል ሰው ቡግናይን አያውቅም ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ባንዳ ወደሚለው። ይሄ ቃል ባማርኛ ቀላል ስድብ አይደለም፣ ቤተሰብ ሙሉ ነው የሚያቆሽሸው፣ ስለዛ ትንሽ ልዘርዝረው።

ጃፓኖች ፓናይ ላይ የወረዱት ኤፕሪል 16 ቀን 1942 ነው። የተመረጠው የኢሎኢሎ ገዢ ቶማስ ኮንፌሶር እጄን አልሰጥም ብሎ ተራራ ገባ፣ ኮሎኔል ማካርዮ ፔራልታ ደሞ ጫካ የቀረውን ወታደር አሰባስቦ የሽምቅ ጦር አደራጀ። ጃፓኖች ከተማው ላይ የራሳቸውን ገዢ አስቀመጡ። ስለዚህ ሁለት መንግስት ነበር ማለት ነው፣ ያውም የተራራው መንግስት የራሱን ብር እስከማተም የደረሰ፣ እሱ ብር ኪሱ ውስጥ የተገኘበት ሰው ደሞ በጃፓን እጅ አለቀለት። የመንደር ሹም እዚህ መሀል ነው ያለው፣ ቀን በጃፓን ጥሪ ከተማ ይሄዳል፣ ማታ የተራራዎቹ መልእክተኛ በር ያንኳኳል፣ ሁለቱም የሚፈልጉት ሩዝና ሰው ነው። ሹመቱን ልተው ማለት ይቻል ነበር ይላል ወንድማችን። ይቻል ነበር፣ ግን በሳቸው ቦታ ማን ይቀመጥ ነበር? ከተማው ውስጥ ፊቱን በጆንያ ሸፍኖ ሰው የሚጠቁም መች ጠፋ።

ሎላ፣ ማለትም የባለቤቴ አያት፣ የቴኒየንቴ ልጅ ናቸው፣ ያኔ የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ፣ አሁን ዘጠናን አልፈዋል። እሳቸው እንደሚሉት የጃፓን ጦር ሰፈር ከየመንደሩ ለስራ የደረሱ ወንዶችን ሊስት ጠየቀ። አባታቸው ሁለት ሊስት ጻፉ፣ ማታ በኩራዝ፣ እሳቸው መብራቱን ይዘው። አንዱ ትክክለኛው ነው፣ ቤት የቀረ። ሁለተኛው ለጃፓኖች የተሰጠው ነው፣ እሱ ላይ 22 ሰው የለም። የት ሄዱ ሲባሉ መልሱ አንድ ነበር፣ ኔግሮስ። ይሄ ውሸት ለምን እንደሰራ ካላስረዳሁ አይገባም፦ ኔግሮስ ማዶ ያለች የሸንኮራ ደሴት ናት፣ ከፓናይ ደሀው በየዓመቱ ለቆረጣ እየተሻገረ ወራት ይሰራል፣ ሳካዳ ይባላሉ፣ ልክ ከኛ ሀገር ሰው ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ እንደሚወርደው ማለት ነው። ጃፓን ስትገባ ቆረጣው ገና አላለቀም ነበር፣ ስንቱ እዛው ቀርቷል፣ ስለዚህ «ለሸንኮራ ሄዶ ጦርነቱ እዛ ያዘው» ሲባል ማንም የሚያምነው ነገር ነው። ከ22ቱ አብዛኞቹ ግን ከመንደሩ በላይ ጫካ ውስጥ ነበሩ። በ1943 ሁለተኛ አጋማሽ የጃፓን ጦር ፓናይ ላይ መንደር እያቃጠለ ሲቪል እየጨፈጨፈ ሲዞር ያ ሊስት ትክክለኛው ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ልባችሁ ያውቀዋል።

እኛ እኮ ለዚህ ቃል አለን፣ የውስጥ አርበኛ። ጣልያን ቢሮ ውስጥ እየሰሩ ለጫካው ጥይትና ወሬ ያቀበሉትን ባንዳ አላልናቸውም፣ ስም ሰጥተን አከበርናቸው። እነሱም ለጣልያን እጅ ነስተዋል፣ ካልነሱማ እንዴት ውስጥ ይገባሉ? ለኛ ሰው የሰጠነውን ስም ለኢሎኢሎ ሰውዬ ሲሆን የምንነፍግበት ምክንያት አይታየኝም።

እውነት አለው ያልኩት ግን እዚሁ ጋ ነው። ለጃፓን ሩዝ ሰብስበዋል፣ አዎ፣ ይሄን ሎላም አይክዱም። ሩዝ ብቻም አይደለም። አንድ ጊዜ ሁለት ካራባው አምጡ ተባለ፣ አንዱን ከራሳቸው በረት ሰጡ፣ ሁለተኛውን ግን ከጎረቤት፣ ከአንዲት ባል ከሞተባት ሴት ወሰዱ። ለምን እሷ? ሌሎቹ ወንድ ያለባቸው ቤቶች ስለሆኑ ጠብ ፈርተው ይሆናል፣ እሷ ደሞ አትከላከልም። በዛ ዓመት ማሳዋ ጾሙን አደረ። የሷ ልጅ ልጆች እስከዛሬ ከባለቤቴ ቤተሰብ ጋር ሰላምታ የላቸውም፣ ፊስታ (የመንደሩ ዓመታዊ በዓል) ላይ እንኳ ባንድ ጠረጴዛ አይቀመጡም። ባለፈው ማስታወሻዬ ላይ ይሄን አልጻፍኩም ነበር፣ መጻፍ ነበረብኝ፣ ወንድማችን «የተቀባባ ታሪክ» ሲል በዚህ በኩል አልተሳሳተም። እኔ ሰውዬውን ንጹህ አላልኩም። 22 ሰው አድነዋል አንዲት ሴት ደሞ በድለዋል፣ ሁለቱም የሳቸው ስራ ነው፣ አንዱን ይዤ ሌላውን አልጥልም።

«ማንም አልመረጣቸውም» የሚለው ቶሎ የሚመለስ ነው። መጀመሪያ ላይ እውነት ነው፣ ተሿሚ ነበሩ። በ1955 ግን የባርዮ ነዋሪ አለቃውንና ምክር ቤቱን ራሱ እንዲመርጥ የሚያደርግ ህግ ወጣ፣ መንደራቸውም ያኔ ለሹመት የመረጠው እኚሁኑ ሽማግሌ ነው። ጦርነቱ ካለቀ አስር ዓመት እንኳ እምብዛም አላለፈም፣ ሁሉ ሰው በህይወት አለ፣ ማን ምን እንዳደረገ ያውቃል። ባንዳ ናቸው ብለው ቢያስቡ ኖሮ ይመርጧቸው ነበር?

ማስረጃ የለም ለሚለው፣ የቴኒየንቴ ደብተር አለ። የትምህርት ቤት ደብተር ነው፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል፣ ታችኛውን ጥግ ምስጥ በልቶታል፣ ቀለሙ ወደ ቡኒ ሄዷል። በየገጹ የቤት አባወራ ስም፣ አጠገቡ ስንት ካቫን (የሩዝ መስፈሪያ ነው) ሩዝ እንዳዋጣ፣ ከተወሰኑት ስሞች ጎን ደሞ በትንሽ ፊደል «ኔግሮስ»። ቆጥሬዋለሁ፣ ጣቴን እያስኬድኩ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ማህተም ያለው ወረቀት ካላመጣችሁ ከተባለ ግን የማይሆን ነገር ነው የተጠየቅነው፣ በዛ ጦርነት የስንት ከተማ መዝገብ ተቃጥሏል፣ በ1945 ማኒላ ስትወድም ብሄራዊ ቤተመጻህፍቱ ሳይቀር አልቋል እኮ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ የኛ ሰው ስለማያውቀው። እኛ የራሳችንን ስም ስንጠራ አባታችንን እንጠራለን፣ ቀጥሎ አያታችንን፣ እንደዛ እያልን ሰባት ቤት እንቆጥራለን፣ ትውልዱ ስማችን ላይ ተጽፏል። እነሱ ጋ እንደዛ አይደለም። በ1849 ናርሲሶ ክላቬሪያ የሚባል የስፔን ገዢ ለግብር አሰባሰብ እንዲመቸው የቤተሰብ ስም ዝርዝር አሳትሞ ለየከተማው አከፋፈለ፣ ሰዉ ከዛ ላይ እየመረጠ ወይ እየተመረጠለት ያዘ። ለዚህ ነው ኢሎኢሎ ደቡብ ብትሄዱ የአንድ ከተማ ሰው ስም ባብዛኛው ባንድ ፊደል የሚጀምረው። ስማቸው ከአያታቸው አልመጣም፣ ከወረቀት ነው የመጣው። እና አያት እንዳይጠፋ ከተፈለገ ያለው መንገድ አፍ ነው፣ የሎላ አፍ። «የአሮጊት ወሬ» ያልከው ወንድሜ እሱ ነው የነሱ ሰባት ቤት። ቅድመ አያትን በታጋሎግ፣ በፊሊፒን ቋንቋ፣ ምን እንደሚሉት ታውቃለህ? ሎሎ ሳ ቱሆድ፣ የጉልበት አያት፣ ከሱ በላይ ያለው ደሞ የእግር መዳፍ አያት ነው። እኛም አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያልን ነው ያደግነው።

የመቃብሩን ነገር ብዙ አልልም። ኖቬምበር 1 ኡንዳስ ይባላል፣ ሁሉም ወደ ዘመዱ መቃብር ይሄዳል። እኔ ሄጃለሁ። ያየሁት ሰው መቃብር በብሩሽ ሲያጥብ፣ ኖራ ሲቀባ፣ ሻማ ሲያበራ፣ መቁጠሪያ ሲጸልይ፣ ከዛ ኢቦስ የሚባለውን በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ሲበላ ነው። ልጆች የቀለጠውን ሰም ከድንጋዩ ላይ እየለቀሙ እንደ ኳስ ያድቦለቡሉታል፣ የኔም ልጅ የብርቱካን ያክል ሰም ይዞ ነው የተመለሰው። ሰው ሲሞት ዘጠኝ ቀን ይጸልያሉ፣ አርባውን ያወጣሉ፣ ሙት ዓመት አላቸው። አርባና ሙት ዓመት የሚያወጣ፣ ተዝካር ደግሶ ጸበል ጻድቅ የሚያበላ ሀገር ልጅ ይሄን ሙት አምልኮ ሲለው እኔ ምን ልበል።

የመጨረሻው ነው ያመመኝ፣ «የባዕድ አያት» የሚለው። ልጆቼ የአባታቸውን ዘር ስላወቁ የኔን የሚረሱ መስሎታል። በፊሊፒን አሰራር የልጅ ስም ሲጻፍ መሀል ላይ የሚገባው የእናት ቤተሰብ ስም ነው። በኔ ፓስፖርት ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተጻፈው የአባቴ ስም ነው። ስለዚህ የሁለቱም ልጆቼ የልደት ወረቀት ላይ፣ ከራሳቸው ስምና ከባለቤቴ ስም መሀል፣ ደሴ የተቀበረው አባቴ አለ። የፊሊፒን መዝገብ ቤት ጸሐፊ ፊደሉ ቸግሯት ሁለቴ ሰርዛ ነው የጻፈችው፣ ግን ጻፈችው። እነሱ የኔን አባት ስም በልጆቼ መሀል አስገብተው ሲይዙ እኔ የነሱን ሽማግሌ ከደጅ ልመልስ?

ባለፈው ወር ልጄ ከትምህርት ቤት የዘር ሀረግ ስራ ይዞ መጣ። በኔ በኩል አምስት ቤት ድረስ ራሴ ነገርኩት፣ ስድስተኛና ሰባተኛውን እናቴ ጋ ደውለን ሞላን። በአባቱ በኩል አራተኛው ላይ ቴኒየንቴን ጻፈና ከጎኑ ዛጎል ሳለ።

ትንሽ እርማትም አለችኝ፣ ጽሁፉ ቴኒየንቴ በጦርነቱ ጊዜ ተገደሉ ይላል፣ አልተገደሉም፣ በ1961 በአልጋቸው ላይ ነው ያረፉት። ደብተሩን ማየት ለሚፈልግ ደሞ፣ ወንድማችንን ጨምሮ፣ ዘንድሮ ለኡንዳስ ስንሄድ ገጽ በገጽ ፎቶ አነሳዋለሁ። የካራባዋ ገጽም አለች። የሴትየዋ ስም፣ ከጎኑ «1 ካራባው»፣ ከዛ «እዳ» ተብሎ ተጽፏል፣ ሌሎቹ እዳዎች ላይ መስመር ተሰምሯል፣ እሱ ላይ ግን የለም። ሎላ ከጦርነቱ በኋላ ጥጃ ተሰጥቷታል ይላሉ፣ የሴትየዋ ቤተሰብ ምንም አልተሰጠንም ነው የሚሉት። ለባለቤቴ ነግሬዋለሁ፣ በዚህ ጉዞ እነሱ ቤት እንሄዳለን፣ ደብተሩን ይዘን፣ እነሱ የሚሉትንም እጽፋለሁ።